ከማን አንሼ

እኛ ቤት ብር የሚቆጠረው በበግ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ለዶላር እጅ አልሰጠችም። የመኪና ጎማ ሲቀየር «ሁለት በግ» ትላለች። የቤቱ ማሞቂያ ሲበላሽ «ወይፈን» ነው። ዝም ብላ አይደለም። ለፋሲካ ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ ሄደን የምንገዛው በግ አለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ 350 ዶላር ከፍለንበታል። ብሔራዊ ባንካችን ያ በግ ነው።

እናም ብርዱ በጠናበት ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ከትምህርት ቤት መጣ። ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «ከክፍላችን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ገብተን አይተን የማናውቀው እኔና አንድ የሜክሲኮ ልጅ ብቻ ነን» አለ። ችላ አልነው። በሳምንቱ የሜክሲኮው ልጅ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። እራት ከተበላ በኋላ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የቲኬት መሸጫዋ አፕ (ስሟን አልጠራም፣ ሆዷን ግን አውቀዋለሁ) ካርታውን በቀለም በቀለም ዘረጋችልኝ። ከታች፣ ሜዳውን የከበበው መስታወት ሥር ያሉትን ወንበሮች ነካሁ። ዋጋውን ሳየው ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። አልተበላሸም። አንድ ደረጃ ወጣሁ። ሌላ ደረጃ ወጣሁ። እንዲህ ስወጣ ስወጣ ጣሪያው ሥር ደረስኩ። እዚያ አንዱ ወንበር 129 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ነው፤ እሱ አይሸጥም፤ ለጊዜው።

የወንበሮቹ ስም ደግሞ! ክለብ፣ ፕሪሚየም፣ ፕላቲነም፣ ላውንጅ። ይሄኔ አዲስ አበባ ስታዲየም ናፈቀኝ። የእኛ ሰው ስም ሲያወጣ አይዋሽም። ጥላ ፎቅ ጥላ አለው። ሚስማር ተራ የገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከስሙ ያውቃል። ካታንጋ የሚገባ ለመጮህ ነው የሚገባው። ከሁሉም ግን «ከማን አንሼ»ን ያወጣው ሰው ይመቸው። የሰው ልጅ ለምን ገንዘቡን እንደሚበትን በሁለት ቃል ጨርሶታል። ፕላቲነምም ላውንጅም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ከማን አንሼዎች ናቸው።

ሦስት ቲኬት መረጥኩ። ከላይ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ «4 ደቂቃ ቀርቶዎታል» ይላል። ባለቤቴ ከኩሽና «ማን ነው እንዲህ የሚያስቸኩልህ?» አለች። ቸኩዬ ስጫን በየቲኬቱ 22 ዶላር ተጨመረ። ግማሹ የአገልግሎት፣ ግማሹ የአያያዝ ይላል። ምኑን ነው የያዙት? ቲኬቱ ወረቀት የለውም። ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። የያዝኩት እኔ ነኝ!

453 ዶላር። ባለቤቴ ጣቷን ቆጥራ «አንድ በግ ከነትርፍ ታፋው» አለች።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለካናዳዊው ባልደረባዬ ነገርኩት። አልደነገጠም። «ከኤድመንተን ጋር ያለውን ጨዋታ ነዋ የገዛኸው» አለኝ። ለካ ዋጋው እንደ እንግዳው ነው። በአዘቦት ቀን ደከም ያለ ቡድን ሲመጣ ይወርዳል፤ ኤድመንተን ሲመጣ ይሰቀላል። ካልጋሪና ኤድመንተን ማለት በአጭሩ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው፤ በመሀላቸው የሦስት ሰዓት መንገድ አለ እንጂ። የእኛዎቹ ፍሌምስ ይባላሉ፤ ነበልባል ማለት ነው። በረዶ ላይ የሚጫወት ነበልባል። ስሙን ይዘውት የመጡት ከአትላንታ ነው፤ ያቺ ከተማ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ መቃጠሏን ለማስታወስ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቡድኑ ወደ ካልጋሪ ሲዛወር ስሙን አልቀየሩም። ከዜሮ በታች 30 የሚገባ ከተማ ነበልባል የሚባል ነገር በነጻ ቢመጣለት ለምን ይቀይራል?

ቀኑ ደረሰ። መኪና ማቆሚያው ሌላ ታፋ ስለሚበላ በሲትሬን ሄድን፤ ባቡሩ በሩ ላይ ነው የሚያወርደው። ባለቤቴ ውስጥ ምግብ ውድ ነው ሲባል ሰምታ ከረጢት ሙሉ ቆሎ ይዛለች። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ጥበቃው ቦርሳዋን ገለጥ አድርጎ ቀና አለ።

«ቆሎ ነው?» አለ፤ በአማርኛ።

«አዎ ወንድሜ።»

«ሽምብራ አለበት?»

«አለበት።»

አዘነ። እውነት አዘነ። «እህቴ፣ ከውጭ የመጣ ምግብ አይገባም። እዚህ ጋ ቆማችሁ ብሉና ግቡ» አለን። ሦስታችን ከዜሮ በታች 22 ላይ ቆመን አንድ ከረጢት ቆሎ ጨረስን። ጥርሴ የተንገጫገጨው በብርዱ ይሁን በሽምብራው እስካሁን አልለየሁም።

ሕንፃውን እኛ ሐበሾች ቤት ውስጥ «ኮርቻው» እንለዋለን። ጣሪያው በትክክል የፈረስ ኮርቻ ነው፤ ስሙም ሳድልዶም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፈተ፤ የ1988ቱ የክረምት ኦሊምፒክም ተስተናግዶበታል። ስሙ ግን እንደ ተከራይ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። መጀመሪያ የኦሊምፒኩ ነበር። ከዚያ አንድ አየር መንገድ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ አየር መንገዱ ራሱ ተሸጦ ጠፋ። ከዚያ የነዳጅ ኩባንያ ገባ። አሁን የባንክ ስም ተለጥፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ውጦ ወንበሮቹ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ያኔ የማንም ስም አላዳነውም።

ወንበራችን ከኮርቻው ጀርባ ላይ ማለት ነው። ቁልቁል ስናየው ሜዳው 61 ሜትር በ26 ነው ይባላል እንጂ የእንጀራ ምጣድ ያክላል። ኳሷ፣ ፓክ የምትባለዋ፣ 170 ግራም የምትመዝን ጥቁር ጎማ ናት። እንዳትነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያስገቧታል። ከእኛ ወንበር ስትታይ ነጭ እንጀራ ላይ የወደቀች ጥቁር አዝሙድ ናት። እኔ እሷን መፈለግ ትቼ ሰው ማየት ጀመርኩ። ቀይ የለበሰው ሕዝብ ሲነሳ እነሳለሁ። ሲሰድብ እሰድባለሁ። ባሕር ማዶ መኖር የሚለመደው እንዲሁ ነው።

በመሀል ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ቡጢ ገጠሙ። ዳኞቹ ቆመው ያያሉ። ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ኧረ በሥላሴ! ገላጋይ የለም እንዴ እዚህ አገር?» ሕዝቡም ብድግ ብሏል፤ እሱ ግን ሊያጨበጭብ ነው። ሁለቱ አምስት አምስት ደቂቃ ተፈረደባቸውና እንደ ተቀጣ ተማሪ በየሳጥናቸው ተቀመጡ። «ይቅር ሳይባባሉ?» አለች። ያ ነገር እስከ መጨረሻው ከነከናት።

ጎል ሲገባ ደግሞ ከላይ እውነተኛ እሳት ቦግ አለ። ስዕል አይደለም፤ እሳት ነው። ሙቀቱ ፊታችንን ነካን። ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬቴን ከፈትኩ። «ለካ 129 ዶላሩ የማሞቂያ ነው» አለች ባለቤቴ፤ ለአፍታም ደስ ያላት መሰለኝ።

እሷን የማረካት ግን እረፍቱ ነው። ዛምቦኒ የሚባል ትልቅ መኪና ገብቶ በረዶውን ፍቆ፣ ሙቅ ውሃ አፍስሶ እንደ መስተዋት አድርጎት ይወጣል። ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባል ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1949 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው። ሰዉ ሁሉ ለቢራ ሲወጣ እሷና ልጄ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሹፌሩ ዞሮ ዞሮ ሲወጣ አጨበጨቡለት። «ሙቅ ውሃ ነው? ጎበዝ» አለች። ቀጥላም አንገቷን አስግጋ «ጠርዙን ግን አልነካውም» አለች።

ከጎናችን ኮርቻው ከተከፈተ ጀምሮ የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጣታቸው ወደ ውጭ አሳዩኝ፤ አዲሱ ስታዲየም እዚያ እየተሠራ ነው። ወሬውንማ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈረመው ውል በ2021 መጨረሻ ፈረሰ፤ በ2023 ሌላ ተፈረመ፤ በ2024 ሐምሌ አካፋ ተያዘ። በ2027 እንዲከፈት ታቅዷል፤ ኮርቻውም ይፈርሳል። ጠቅላላ ወጪው ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላዩን የሚያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ 330 ሚሊዮኑን ደግሞ የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ መንግሥት። ለካ እኔ ቲኬት ሳልቆርጥም ስከፍል ነው የኖርኩት።

«ታዲያ ሰፊ ይሆናላ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ለሆኪ አሁን ከ19 ሺህ በላይ ሰው ይገባል። አዲሱ 18,400 ገደማ ነው። ከዚያ ይልቅ ላውንጁ፣ ምግቡ፣ የክብር ክፍሉ ይበዛል። ሽማግሌው የራሳቸው ወንበር አዲሱ ቤት ውስጥ ስንት እንደሚባል ገና አልጠየቁም። «ከመጠየቅ መገመት ይሻላል» አሉኝ።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ስተረጉምላት 1.2 ቢሊዮኑን በስልኳ ለበጋችን ዋጋ አካፈለች። ከሦስት ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ በግ ሆነ። «ግጦሹ የት ነው?» አለች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያን ሰሞን የኮሚኒቲያችን ሰብሳቢም ሆኪ ገብቶ ኖሯል። እሱ እንደኛ ጣሪያ ሥር አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ጋብዞት በመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ የዶሮ ክንፍ እየቆረጠመ። ሰው ሆኖ ገባ፣ አማካሪ ሆኖ ወጣ። የፋሲካውን ዝግጅት ለመነጋገር ስንሰበሰብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሣለ። «ደረጃችንን ማሳደግ አለብን» አለ። እስከ አምና መግቢያው 40 ዶላር ነበር፤ ሁሉም በመጣበት ይቀመጣል። ዘንድሮ መደበኛ 60፣ ቪአይፒ 120፣ ቪቪአይፒ 200 ሆነ።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ቪቪው ምንድን ነው?»

«እማማ፣ ከቪአይፒዎቹ ፊት የሚቀመጡ ናቸው።»

«ምግቡ ይለያል?»

«ያው ነው እማማ።»

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኙማ አንድ ነው።»

«ታዲያ?»

ጸጥታ ሆነ። ከኋላ አንዱ «ጠረጴዛው ጨርቅ አለው» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ተሳለቅን። ከዚያ ቪቪአይፒው በሁለት ቀን ተሸጦ አለቀ። እኔ? እኔማ መርህ ያለኝ ሰው ነኝ። ቪአይፒ ብቻ ነው የቆረጥኩት፤ እሱንም ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤታችን መቁረጡን ስለሰማሁ። የልጅ በግማሽ ሆኖ 300 ዶላር። «እግር የጎደለው በግ» አለች ባለቤቴ። «ለዚያውም እሳት የለው።»

የምሽቱን ነገር ላሳጥረው። ሆኪው ምሽት አንድ ሰዓት ከተባለ አንድ ሰዓት ነው። የእኛ ፖስተርም ሰዓት ነበረው፤ ለጌጥ። ዘፋኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጣ። ጨርቁ ቀይ ነው፤ ላዩ ላይ አንድ የታሸገ ውሃ አለ። የዶሮ ወጡ ሰልፍ ግን አንድ ነው፤ ቪቪአይፒው ከመደበኛው ኋላ፣ ሱፉን እንደለበሰ ሳህን ይዞ ቆሟል። ለሰልፉ ዋጋ ማውጣት ተረስቶ ነበር።

ልጄ ሁለት የቪአይፒ ወንበር ገጥሞ ተኝቷል። እስክስታው ሲጦፍ አንዱ ባለ 200 ዶላር አንድ ጆግ ጠጅ ወለሉ ላይ ደፋ። ሁለት ሰው አዳለጠ። ዘፋኙ ዘፈኑን አቋረጠ። ይሄኔ ሰብሳቢያችን ራሱ ከነክራቫቱ ሞፕና ባልዲ ይዞ ከጓዳ ወጣ። ከዳር ጀምሮ ዞረ። ተመለሰ። አሁንም ዞረ። ልጄ በጸጥታው ነቃ። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ወንበሩ ላይ ቆመ።

«አባ! ዛምቦኒው መጣ!»

ማጨብጨብ ጀመረ። ጠረጴዛችን ተከተለው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሰብሳቢው ግራ ገብቶት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ባለቤቴ ብቻ አላጨበጨበችም። አንገቷን አስግጋ ወለሉን እያየች ነበር።

«ጠርዙን!» አለችው። «ጠርዙን አልነካኸውም!»