መሬቱን በግንቦት እዩት

የጎንደር ሰዎች፣ ጡረታ የወጣችሁም ለመውጣት አምስት ስድስት ዓመት የቀራችሁም፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። «ጡረታ ስወጣ አንድ ጥማድ መሬት፣ መቶ ዶሮ፣ ጥቂት አቮካዶ» የሚለው ምኞት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጽዋ ማኅበሩ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ ይሰማል። ምኞቱ ክፉ አይደለም፤ ሰው በስልሳ ዓመቱ አፈር ልንካ ማለቱ የሚያስመሰግን ነው። ጥፋቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። በመስከረም ትመኛላችሁ፣ በመስከረም ትዋዋላላችሁ። ከጠዳ እስከ ማክሰኝት መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ ለብሶ፣ ምንጩ ሁሉ ሞልቶ ሲታይ በዚያ ወር መጥፎ መሬት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አጥብቀን እንላችኋለን፦ በግንቦት ያላያችሁት መሬት ላይ ገንዘባችሁን አታውጡ።

በግንቦት ሂዱ። የእኛ ክረምት የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጥለው ጥቂት ስለሆነ፣ ግንቦት ላይ ጉድጓድም ምንጭም ከዓመቱ ሁሉ የደከሙበት ጊዜ ነው። ጉድጓድ ካለ በገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ከዚያ ውሃውን እስኪጎድል በባልዲ አስቀዱት፣ ስንት ሊትር እንደወጣ ጻፉ፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመልሳችሁ ምን ያህል እንደተካ እዩ። ሀብታችሁ ያ በአንድ ቀን የተተካው ነው። በመስከረም አፉ ድረስ ሞልቶ ያያችሁትን እርሱት።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በበጋ አትክልት ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብለን ብንይዝ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በቀን 12,500 ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 625 ጀሪካን። በየቀኑ። ማን ይቀዳዋል? ወገቡ የሚያመው አባት ነው ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚለው ልጅ? ከጣሪያ ላይ ውሃ እናጠራቅማለን ለምትሉም፦ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበትና አንድ አምስተኛው ቢባክን፣ 40,000 ሊትር ይሰጣል። ይህ ለአንድ ጥማድ ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። ለ100 ካሬ ሜትር መደብ ግን 80 ቀን ያቆያል፤ ያውም ይህን ሁሉ ውሃ የሚይዝ ገንዳ ካሠራችሁ ነው። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር በደንብ የያዘ ሰው፣ ጥማድ ሙሉ ካደረቀ ሰው ይሻላል።

ከውሃው ቀጥሎ አፈሩ ነው። ደምቢያን የሚያውቅ ሰው ዋልካን ያውቃል። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ውሃ ያቁራል። ገበሬው ይህን አፈር በሚገባ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እናንተ ግን ያለ ምርመራ ሄዳችሁ አቮካዶ ትተክሉበታላችሁ። አቮካዶ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ከጫፉ እየደረቀ ይመጣል፣ ባለቤቱም «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል፣ ዛፉም ያን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት 60 ሴንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱም 60 የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ጠዋት በውሃ ሙሉት፣ ሰርጎ ሲያልቅ ደግማችሁ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በማግሥቱ ጠዋትም እዚያው ከታየ ያ ቦታ ለፍሬ ዛፍ አይሆንም። ቁፋሮው የግማሽ ቀን ሥራ ቢሆን ነው፤ የአምስት ዓመት ድካም ያተርፋል።

ችግኙም ይመረጥ። ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም አይታወቅም። የተዳቀለው፣ ማለት ከመልካም ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋጠመው፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይጀምራል። በስልሳ ዓመት ለሚተክል ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ተዳቅሎ የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ እሱን የቀበረ ሰው ዛፉን ለመበስበስ ያጋልጠዋል። በዛፍና በዛፍ መካከል 6 ወይም 7 ሜትር ተዉ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ደጋ የወጣችሁ ደግሞ አቮካዶን ተዉት፣ ውርጭ ይበላዋል፤ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ነው የዚያ አገር ሲሳይ።

ነጭ ሽንኩርት ካልን አንድ ነገር እንጨምር። ለአንድ ጥማድ 2 ኩንታል ገደማ ዘር ስለሚገባበት፣ አንዱ ጥፋት ብዙ ብር ይወስዳል። መሬቱን ከመከራየታችሁ በፊት ያለፉት ዓመታት ምን እንደተዘራበት ጠይቁ። ሽንኩርት ካለበት ቢጫ የሆኑትን ሁለት ሦስት ሥር ነቅላችሁ እዩ። ሥሩ አጠገብ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቋቁር ነጥቦች ካሉ ከዚያ ማሳ ውጡ። በሽታው ነጭ ሥር አበስብስ ይባላል፤ እነዚያ ነጥቦች አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሳይሞቱ ይቆያሉ። በዶማና በጫማ ጭቃም ይተላለፋሉ። ከገበያ ለወጥ የተሸጠውን ሽንኩርት ዘር አድርጎ መትከልም ይህንኑ በሽታ በገዛ እጅ ማምጣት ነው።

ስለ መሬቱ ውል ዝም ብለን አናልፍም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህን እያወቃችሁ «በስጦታ ስም እንጻፈው»፣ «በብድር ስም እናድርገው» የምትሉ አላችሁ። እንዲህ ያለ ውል ዳኛ ፊት ሲቀርብ ገንዘባችሁም ድካማችሁም አብሮ ይሄዳል። ከዚያም የከፋው፣ ለልጁ ሕክምና ወይም ለማዳበሪያ ዕዳ የተቸገረ ገበሬ የልጆቹን እንጀራ በጥቂት ብር እንዲለቅ ማድረጋችሁ ነው። ይህ ነውር ነው፣ ተዉት። መከራየት ይቻላል። የይዞታ ደብተሩን በዓይናችሁ እዩ፤ የባልም የሚስትም ስም ካለበት ሁለቱም ይፈርሙ፣ አዋሳኞቹ ቆመው ድንበሩን ያሳዩአችሁ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ዛፍ የምትተክሉ ከሆነ ዘመኑ ሲያልቅ ዛፉ የማን እንደሚሆን በውሉ አስገቡ። ብዙው ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ወደ ዶሮው እንምጣ፣ ብዙው ሰው የሚከስረው እዚህ ስለሆነ። አንድ ጫጩት እንቁላል እስክትጀምር አምስት ወር ገደማ ይፈጅባታል፤ በዚያ ጊዜ 7 ወይም 8 ኪሎ መኖ ትበላለች። መቶ ጫጩት ማለት እንቁላል ሳይታይ 7 ወይም 8 ኩንታል መኖ ማለት ነው። ከጀመሩ በኋላ አንዷ በቀን 120 ግራም ትበላለች፤ ለመቶው 12 ኪሎ፣ በወር 3 ኩንታል ከ60። መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ዶሮዋ መብላቷን አታቆምም፤ ስለዚህ የሁለት ሳምንት መኖ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ተቀማጭ ይኑራችሁ። መኖ የቀነሰባት ዶሮ በቶሎ እንቁላል ታቆማለች፣ ለመመለስ ግን ሳምንታት ይወስድባታል።

ወሩንም አስቡ። በጥቅምት የገባ ጫጩት እንቁላል የሚጀምረው በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም መካከል ነው። ጎንደር የምትጾም ከተማ ናት፤ 55 ቀን ሙሉ እንቁላሉ ሲከመር ገዢው ይሳሳል። በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ የገባው ግን ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ጫጩቱ በሚገባበት በዚያ ወር ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነስለታል። ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ በምሽት ገብታችሁ አቀማመጣቸውን እዩ፦ ከሙቀቱ ሥር ተከምረው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ግድግዳ ከሸሹ ሞቋቸዋል፣ እዚህም እዚያም ተበታትነው ከተኙ ተስማምቷቸዋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የከሰል ምድጃ አዘጋጁ፤ የጭሱ መውጫ ግን ክፍት ይሁን፣ አለበለዚያ ጢሱ ጫጩቱንም ጠባቂውንም ይገድላል።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ያልተከተበ ቤት በሳምንት ውስጥ ባዶውን ያስቀራል። የመጀመሪያው ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ ሁለተኛው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት በውሃ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገማል። ክትባት ተሰጥቶ ዶሮ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በአያያዙ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ በኪስ ይዛችሁ በባጃጅ አንድ ሰዓት ከዞራችሁ የሰጣችሁት ውሃ ብቻ ነው። በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃም ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፣ ካልሆነም ለ1 ሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ቀድማችሁ በጥብጡበት። ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት አስጠምታችሁ ስጡ፣ የተበጠበጠውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ።

ገንዘባችሁን በተመለከተ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት አባቶች ለዚህ ነው። ካላችሁ ጥሪት በመጀመሪያው ዓመት ከሲሶው በላይ አታውጡ። ደመወዝ እያላችሁ ጀምሩ። የጡረታ ደብዳቤ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በግቢያችሁ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ አንድ መደብ አዘጋጁ። ቆስጣና ጎመን ትከሉበት፣ ከጥር እስከ ግንቦት በየቀኑ 50 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል፣ በገዛ እጃችሁ አጠጡ። ወርዱ 1.20 የሆነው ከሁለቱም ጎን እጅ ወደ መሐል እንዲደርስና አፈሩን እንዳትረግጡት ነው። ጉልበታችሁ፣ ትዕግሥታችሁ፣ የቤተሰባችሁም ፈቃድ እዚያች መደብ ላይ ይታያል።

ሰው እንቀጥራለን የምትሉም ተጠንቀቁ። ልጁን ከገጠር አምጥታችሁ በመኖ ከረጢት ላይ እያስተኛችሁ፣ ደመወዙን እያሳደራችሁ፣ ዶሮው ሲያልቅ «ሌባ» አትበሉት። የሚተኛበት ክፍል፣ በወሩ ቀን የሚከፈል ደመወዝ፣ ከእንቁላሉም ድርሻ ስጡት፤ የመኖውንና የሞቱትን ቁጥር በደብተር እንዲጽፍ አስተምሩት፣ ደብተሩንም በየሳምንቱ አብራችሁት እዩ። ለቅሶ ሦስት ቀን ስትቀመጡ፣ ለንግሥ ስትሄዱ፣ ታማችሁ ስትተኙ የዶሮውን ቤት በጠዋት የሚከፍተው፣ ማታ ከሸለመጥማጥ የሚዘጋው እሱ ነው። የሚተካው ሁለተኛ ሰው በስም ሳይታወቅ ጫጩት አታስገቡ።