ይድረስ ለተከበሩ አቶ «ነገ ና»

ጉዳዩ፦ ዛሬዬን እንዲመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? መቼም እርስዎ አይታመሙም። ቢታመሙማ አንድ ቀን እንኳ ከመስኮቱ በቀሩልን ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ብል ደስ ይልዎት ነበር። አይደለም። ጉዳዬ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ ኋላ እነግርዎታለሁ። አያኮራም።

ትዝ ካልዎት ለአንዲት ወረቀት ስድስት ቀን ተመላልሻለሁ። የትምህርት ማስረጃዬ ላይ በንጉሡ «ሠ» መጻፍ የነበረበት ስሜ በእሳቱ «ሰ» ተጽፏል። ሙሉ ወንጀሌ ይኸው ነው። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ፋይሌን አትከፍተውም። በስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ ታደርገዋለች፣ እንደሚፋጅ ነገር። ከዚያ እርስዎን ትጠራለች። «ወንድሜ፣ ነገ ና።» ከኋላዬ ላሉት አዛውንት፣ «አባቴ፣ ነገ ይምጡ።» ቀጥላ ላለችው ነፍሰ ጡር፣ «እህቴ፣ ነገ ነይ።» ይህንንስ አደንቅልዎታለሁ። ጾታ ያውቃሉ፣ ዕድሜ ያከብራሉ። ሰው ሲያንገላቱ እንኳ ሰዋስው አይስቱም።

በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አየሁ። ከፊቴ የነበረው ጎልማሳ ፋይሉን ሲያቀብል መሐሉ ወፈር ብሎ ነበር። ፋይሉ ተከፈተ። መሳቢያው ተከፈተ። ሁለቱም ተዘጉ። ፋይሉ ሲመለስ ቀጥኗል፣ ማህተምም አርፎበታል። ለካ ዛሬ አላለቀም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ተደብቆ የሚሸጥ።

ይህን የደረስኩበት የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ጉቦ የተንቀራፈፈ ቢሮን የሚያለሰልስ ቅባት ነው የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጉናር ሚርዳል ግን በ1968 ነገሩን ገለበጠው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሹሙ ጉቦዋን ፍለጋ ሥራውን ራሱ ሊያንቀራፍፈው ይችላል አለ። በኔ አማርኛ፣ ቅባት ሻጭ ማጠፊያው ቢዝግለት ይወዳል።

ሕግም ቢሆን አይጨክንብዎትም። አሜሪካ ለውጭ አገር ሹሞች ጉቦ መስጠትን በ1977 በሕግ ከለከለች። ያው ሕግ ግን የተለመደ የቢሮ ሥራን ለማፋጠን የሚከፈለውን ገንዘብ ከክልከላው አወጣው። ጉቦ ነውር ነው። ማፋጠኛ ሲሆን አንቀጽ አለው።

መስኮት ላይ ብቻ ተቀምጠው ቢቀሩ እኮ ባልከፋ። እርስዎ ግን ሹመት ይወዳሉ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በዓመቱ «ታዲያ መቼ?» ሲባል ቀን አልቆረጠም። «በታሰበበት ፍጥነት» ይፈጸም አለ። የደቡብ ግዛቶች አሰቡበት። አሰቡበት። አሥር ዓመት ሙሉ አስበውበት እንኳ እጅግ የሚበዙት ጥቁር ልጆች ከነጮቹ ጋር አንድ ክፍል አልገቡም ነበር። አንደኛ ክፍል ደጃፍ ላይ «ነገ ነይ» የተባለች ልጅ ሰባት ዓመት የሚሆናት አንዴ ብቻ ነው። ልጅነት ወረፋ አይጠብቅም።

የስዊዘርላንድ ሴቶችስ? የመምረጥ መብት ሲጠይቁ፣ በ1959 ወንዶቹ ድምፅ ሰጥተው «ነገ ነይ» አሏቸው። ያ ነገ የመጣው በ1971 ነው። አፐንዘል ኢነርሮደን የምትባለው ካንቶን (የአገሪቱ አንዷ ክልል) ደግሞ በ1990 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እስኪያስገድዳት ድረስ በራሷ ጉዳይ ሴቶቿን ድምፅ አላሰጠችም። ሰዓት በመሥራት ዓለም ያወቃት አገር ናት እንግዲህ።

ሳስበው፣ ነፃነት «አይገባችሁም» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሹም ብርቅ ነው። ይገባችኋል ነው የሚለው። ነገ። በመጀመሪያ ፀጥታው ይስፈን። በመጀመሪያ ኑሮው ይቃና። በመጀመሪያ ሕዝቡ ይንቃ። ሲነቃ ደግሞ ማን ቀሰቀሰህ ተብሎ ይታሰራል።

እሺ፣ ወደ ወረቀቴ። በስድስተኛው ቀን አንዱ ተሰላፊ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ሰው የለህም እንዴ?» አለኝ። ሰው! ፊትና ኋላዬን ሃምሳ ሰው ቆሟል። እሱ ሰው የሚለው ውስጥ ያለውን ነው።

ሰው እንዳለኝ ትዝ አለኝ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እዚያው ቤት ይሠራል። አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልደወልኩለትም። አባቱ መታመማቸውን ሰምቼ ነበር፣ «ነገ እደውልለታለሁ» ብዬ። አዎ፣ እርስዎን እኔም ቀጥሬዎት ነበር። ያውም በነፃ።

ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። «አንተ! የት ጠፍተህ ነው?» አለኝ። ስለ ንጉሡ «ሠ» ነገርኩት። ሳቀና «አሁን ና» አለ።

አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሊሸኘኝ ኮሪደሩ ላይ አብሮኝ ወጣ። እንዲያው ዝም ከምል ብዬ «አባባስ እንዴት ሆኑ?» አልኩት።

«ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው።»

የምለው ጠፋኝ። ማህተሙ ገና አልደረቀም። ቀለሙ እንዳይነካብኝ ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ይዤ ቆምኩ። እሱ ነው ትከሻዬን መታ መታ ያደረገኝ። «በል ሂድ፣ ልጅቷ ደክሟታል» አለኝ።

ስወጣ ሰልፉ እንዳለ ነው። አዛውንቱ እዚያው ናቸው። ዓይናቸው ወረቀቴ ላይ አረፈ። ምንም አላሉም። እኔም ቶሎ ብዬ ፋይሌ ውስጥ ከተትኩት። ቀለሙም ተነካ።

ጓደኛዬ «ልጅቷ» ያለው ልጄን ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። የምትቆይበት ስለጠፋ ያን ቀን ይዣት ሄጄ ነበር። ማታ ሳሎን ውስጥ ወንበር አዙራ መስኮት ሠራች። አሻንጉሊቶቿን አሰለፈች። ተራ በተራ ወረቀታቸውን በእርሳሷ ጫፍ ገፋ እያደረገች «ነገ ነይ»፣ «ነገ ና» ትላቸዋለች። አነጋገሯ ቁርጥ እርስዎን። አንድ ጆሮ የሌለው ድብ አለ፣ መጨረሻ ላይ የቆመ። እሱን ብድግ አድርጋ በወንበሩ ጀርባ አስገባችው።

«ይሄኛውስ ተራው ነው?» አልኳት።

«እሱማ ሰው አለው» አለችኝ፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳይዎ

ግልባጭ፦ ለመሳቢያው