እርማት፦ «12 ቮልት ስለሆነ አይነዝርም» ለሚለው

የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋንን በሪሌይ (በትንሽ ቮልት እየታዘዘ የዋናውን መስመር ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ ዕቃ) ስለመቆጣጠር ሲነሳ «ማብሪያው 12 ቮልት ከሆነ በእርጥብ እጅ ቢነካም ችግር የለውም» የሚለው ሐሳብ እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ዋናውን ነገር ዘሏል።

የሚያድነን የቮልቱ ማነስ ብቻ አይደለም። 12 ቮልቱ ከዋናው መስመር ፈጽሞ መነጠል አለበት። ያለ ትራንስፎርመር፣ በካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ብቻ ቮልት የሚቀንሱ ትንንሽ ቦርዶች አሉ። በፕላስና በማይነስ መካከል ስትለኩ በትክክል 12 ያሳያሉ፤ ከማይነሱ ወደ መሬት ግን የመስመሩ ሙሉ ቮልት ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው እንዲህ ያለውን ሽቦ ቢነካ ሊሞት ይችላል።

ለማጣራት ቦርዱን ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ንቀሉ፤ ካፓሲተሩ እስኪራገፍ ጠብቁ። ከዚያ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የመስመር ጫፎች ከ12 ቮልቱ ጫፎች ጋር አንድ በአንድ ለኩ፤ መለኪያዎቹንም አቀያይራችሁ ድገሙት። ጥቂት ኪሎ ኦም እንኳ ካሳየ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ምንም ባያሳይም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ላዩ ላይ «ኤስኢኤልቪ» (SELV፣ ከዋናው መስመር የተነጠለ ዝቅተኛ ቮልት ማለት ነው) ወይም «አይኢሲ 61558-2-6» (IEC 61558-2-6፣ መስመሩን ለሚነጥሉ የደህንነት ትራንስፎርመሮች የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ) የሚል ምልክት ፈልጉ።