የመድኃኒት ቅሪት ቦርከና ከመድረሱ በፊት

ደሴ ላይ የተጠቀምንበት ውኃ ቁልቁል የሚወርደው ወደ ቦርከና ነው፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልትም ይለማበታል። ስለ ወንዙ ስንነጋገር ግን የምናነሳው በዓይን የሚታየውን የፋብሪካ ፍሳሽና የፕላስቲክ ክምር ብቻ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው።

የዋጥነው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጉልህ ድርሻው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ በባክቴሪያ ኃይል የሚሠራ የተለመደ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ቢገባም ከሞላ ጎደል እንደገባ ይወጣል። የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቅሪት በፍሳሽ ውስጥ ሲቆይ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበረክቱ ያግዛል፤ ይህ ደግሞ ነገ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ተመልሶ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

መፍትሔው የላቀ ኦክሲዴሽን የሚባለው ዘዴ ነው። ኦዞን የተባለውን ጋዝ በመጠቀም፣ ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ከአልትራቫዮሌት ጨረር አሊያም ከብረት ጋር በማገናኘት ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ እጅግ ንቁ ቅንጣት ይፈጠራል፤ እርሱም ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ ቢሆንም ያገኘውን የኦርጋኒክ ሞለኪውል ከሞላ ጎደል ሁሉ ይሰባብራል። ኃይሉም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ፍሳሹ አስቀድሞ በደንብ ካልተጣራ፣ ራዲካሉ መድኃኒቱ ጋር ሳይደርስ በተራው ቆሻሻ ላይ ያልቃል። በብረት የሚሠራው የፌንተን ዘዴ ርካሽ ቢመስልም፣ ውኃው በአሲድነት መለኪያው እስከ ፒኤች 3 ገደማ እንዲኮመጥጥ ይጠይቃል፤ በኋላም መልሶ ማለዘብና የሚዘቅጠውን አተላ ማስወገድ ግድ ይላል።

ገና አብዛኛው ቤት የጉድጓድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እንደ መድኃኒት ቅሪት ያሉ ጥቃቅን በካዮችን በ80 በመቶ መቀነስ በሕግ የደነገገችው ስዊዘርላንድ እንኳ ግዴታውን የጣለችው በተመረጡ ማጣሪያዎች ላይ ነው። እኛም መጀመር ያለብን ብርቱ መድኃኒቶች በአንድ ግቢ ተሰብስበው በአንድ ቱቦ ከሚወጡበት ከሆስፒታል ነው። በመጀመሪያ ባክቴሪያ የሚሠራበት ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ኦዞን፣ ከዚያም ኦዞኑ የሚተዋቸውን ስብርባሪዎች የሚይዝ የአሸዋ ማጣሪያ ይሁን። ኦዞን በቦታው ከኦክስጅንና ከኤሌክትሪክ ስለሚመረት ኬሚካል በየጊዜው ከመግዛት ያሳርፋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አዲስ የሚገነባ ወይም የሚስፋፋ ሆስፒታል ሁሉ፣ የማጣሪያው ቦታ፣ የፍሳሽ ማቆያ ገንዳውና የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ኮንትራት ከመፈረሙ በፊት በንድፉ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።