ይድረስ ለክቡር የካዝናዬ መደርደሪያ

ለክቡር የላይኛው መደርደሪያ
ባሉበት (ማለትም ከተመደቡበት ቦታ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ)

ጉዳዩ፦ ወገብዎን እንዲያቀኑ ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም። በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁና። ግራና ቀኝዎ ቀና፣ መሃልዎ ስርጉድ። ሆድዎ ከታች የቆሙትን አፈሙዞች ሊስም ትንሽ ነው የቀረው።

እንደሚታወቀው፣ ይህ የጠመንጃ ካዝና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ምድር ቤታችን የገባው በጎረምሶች ትከሻና በብዙ «ቀስ! ቀስ!» ነው። ሻጩ በሩን ሲያወድስ ውሎ ነበር። የብረቱን ውፍረት፣ የመቆለፊያውን ዘንጎች ብዛት፣ እሳት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ። 24 ጠመንጃ ይይዛል አለ። (መነጽር የተገጠመላቸው ከሆኑ ግማሹም ቢገባ ተመስገን ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ይለፍ።) ስለ እርስዎ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እርስዎም ግራጫ ምንጣፍዎን ለብሰው ተኮፍሰዋል። ባለ ምንጣፍን ማን ደፍሮ ማንነቱን ይጠይቃል?

ምንጣፉ ሲገለጥ ችፑድ ሆነው ተገኙ። ሰጋቱራ በኮላ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሳጥኑ በሙሉ ብረት ነው። ከብረቱ ጀርባ ጅብሰም ተለጥፏል። እሳት ሲነሳ ጅብሰሙ በውስጡ ያለውን ውሃ በእንፋሎት እየለቀቀ ሙቀቱን ያዘገያል፣ ጥሩ ነገር ነው። ሌባ በመዶሻና በፒንሳ ቢታገል በሩ ይታገላል። ይህ ሁሉ ጀግንነት ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በአራት ሚጢጢ ክሊፕ ላይ የተቀመጠ ችፑድ ይሆናል። ከውጭ ሌባን የሚያሸንፍ፣ ከውስጥ በአንድ ካርቶን ሙሉ ጥይት የሚሸነፍ ምሽግ።

ጭነት በዛብኝ እንደሚሉ አውቃለሁ። እንተሳሰብ።

አንዲት የ9 ሚሊ ጥይት ወደ 12 ግራም ትመዝናለች። ምንም አይደለችም። 1000 ሲሆኑ ግን 12 ኪሎ ናቸው። የ45 ካሊበር ከሆነ 1000ው ወደ 21 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ በሚመዝንበት ዓለም አንድ ሊትር እርሳስ ከ11 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ሳጥኗ ትንሽ መሆኗ አያታልልዎ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ጥይት ላይ አልፈርድም። ከባድ ነኝ ብላ ነው የመጣችው። ጠንካራ ነኝ ብለው የመጡት እርስዎ ነዎት። የጠመንጃ ካዝና መደርደሪያ ጥይት አልችልም ካለ፣ ምን ሊችል ነው የተቀጠረው? የሠርግ አልበም?

እሱንም አልቻሉም እኮ።

ምክንያቱም ካዝና ያለው ሐበሻ፣ ካዝናው የራሱ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የጎረሰ ጠመንጃ ልጅ በሚያገኘው ቦታ መተው በሕግ ያስጠይቃል። እኔም ካዝናውን ያስገባሁት ለዚሁ ነበር። ወሬው ግን ቅዳሴ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም። የእድሩ ደረሰኞች መጡ። የባለቤቴ ወርቅ፣ ቀጥሎ የእህቷ ወርቅ፣ ቀጥሎ የእህቷ ጓደኛ ወርቅ። የአዲስ አበባ ቤት ካርታ ከነክርክሩ ፋይል። የዘመድ ሁሉ ፓስፖርት፣ ጊዜው ያለፈበት ጭምር። ምጣድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም በበሩ ስለማያልፍ ነው። በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ በከረጢት ሙሉ የሩብ ዶላር ሳንቲም ይዞ መጣ። «እስከ ሰኞ ብቻ» አለ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተነጋገርንም። አንዷ ሩብ ዶላር 5.67 ግራም ናት። 1000 ዶላር በሩብ ሳንቲም ሲሆን 4000 ፍሬ ነው፣ 22 ኪሎ ከ680 ግራም ይመዝናል። የት አስቀመጠው? እርስዎ ላይ። ልክ መሃልዎ ላይ።

በአገራችን ምንሽር የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ በተተከለ የበሬ ቀንድ ነበር። ጥይቱም ወገብ ላይ፣ በዝናር። ቀንዱም ወገቡም ስለ ክብደት አቤቱታ ሲያቀርቡ አልተሰማም። ለነገሩ ቀንዱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ዘመድ አልነበረውም።

በጉዳዩ ላይ በሰፈራችን አንጋፋ የሆኑትን አናጺ አማክሬያለሁ። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አዩዎትና «ችፑድ አንዴ ከጎበጠ ጭነቱን ብታወርድለትም ቀጥ አይልም። ገልብጠው» አሉ። ገለበጥንዎ። ለጥቂት ጊዜ ግመል መስለው ሰነበቱ። ከዚያ እያዘገሙ ወደ ልማድዎ ተመለሱ። አንዱ ጫፍዎም ሲጎብጡ ወደ ውስጥ ተስቦ ከክሊፑ ሊወርድ አፋፍ ላይ ደረሰ።

ደግሞ ከጎንዎ ታናናሾችዎን ይመልከቱ። እነሱም ችፑድ ናቸው፣ ከዚያው ፋብሪካ፣ ከዚያው ሰጋቱራ። ቀጥ ብለው ይሠራሉ። ምስጢሩ እነሱ 45 ሳንቲ ሲሆኑ እርስዎ 90 መሆንዎ ነው። ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር ያው ጭነት 8 እጥፍ ያጎብጣል። ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ጉብጠቱ 8 እጥፍ ይቀንሳል። ይህን ፋብሪካው አያጣውም። ግን ጉብጠት በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አይታይም። በፎቶው ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥብዎ አንድ ባርኔጣና አንድ የእጅ ሰዓት ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ተወስኗል።

በመጀመሪያ ደረጃ ከሥልጣን ይነሳሉ። ቦታዎን 19 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይይዛል። ምንጣፍዎ ተገፎ ለተተኪዎ ይለበሳል፣ ክብሩ የምንጣፉ ነበርና። ሁለት ችፑድ ደራርቤ ላቆይዎ አስቤ ነበር። ጋሼ ግን ሳቁ። ሁለት ሰሌዳ እንዲሁ ቢደራረብ ጥንካሬው እጥፍ ብቻ ነው፣ 8 እጥፍ የሚሆነው ከዳር እስከ ዳር በኮላ ተጣብቆ አንድ ሲሆን ነው። ከእርስዎ ጋር አንድ መሆን የሚፈልግ ሰሌዳ ደግሞ አልተገኘም።

በፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ ከታች አንግል ብረት ይታሰራል። አንደኛው ክንፍ ተኝቶ፣ ሌላው ቁልቁል ቆሞ። የቆመው ነው ሥራውን የሚሠራው። እንጨትም ቢሆን እንዲሁ ነው፣ ጠፍጣፋ አስተኝተው ቢቸነክሩት ጌጥ ነው፣ በጎኑ ሲያቆሙት ነው ወገብ የሚሆነው። ብሎኑ አጭር ይሁን፣ በላይ በኩል ወጥቶ የባለቤቴን ሻሽ እንዳይቀድ። የኋላው ጠርዝም እንዲሁ።

መሃል ላይ ደግሞ እስከ ወለሉ የሚደርስ ቋሚ ይገባል። አንድ ጠመንጃ ቦታ ያጣል፣ ያጣ። 90 ሳንቲው ሁለት 45 ሲሆን፣ ጭነቱም ለሁለት ስለሚከፈል፣ ጉብጠቱ ከ16 እጅ አንዱም አይቀርም። ሸክሙም በክሊፕ ሳይሆን በወለል ላይ ይሆናል። የካዝናውን ግድግዳ በስቶ ብሎን መትከል የሚል ሐሳብ ከአንድ የልጅ አዋቂ ቀርቦ ነበር። ውድቅ ሆኗል። ጅብሰሙን በስተን እሳትን በር ልንከፍትለት አይደለም፣ ዋስትናውም በዚያው ቀዳዳ ይወጣል።

ከባዱ ጥይት ግን ከአሁን በኋላ ወደ ታች ይወርዳል። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም። ክብደት ከላይ ሲበዛ፣ ያን የሚያህል በር ሲከፈት፣ መሬት ላይ በብሎን ያልታሰረ ካዝና ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። የኛው ታስሯል፣ ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም። የታችኛው መደብ እርጥበት ስላለው ሳጥኖቹ ካርቶን ሳይሆኑ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ፕላስቲክ ይሆናሉ።

እርስዎ እስከ ሥራ መልቀቂያዎ ድረስ በቦታዎ እንዲቆዩ፣ በተለይም ሌሊት እንዳይወድቁ እየጠየቅኩ፣ ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ካዝናው

ግልባጭ፦
ለበሩ፦ በኩራቱ እንዲቀጥል፤
ለአራቱ ክሊፖች፦ ለታየው ትዕግሥት ምስጋና፤
ለፋብሪካው፦ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ከባርኔጣው ጎን አንድ ሳጥን ጥይት እንዲያስቀምጥ፤
ለአክስቴ ልጅ፦ ሰኞ ደርሷል፣ ባንክም ክፍት ነው።