አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ባለፈው ሳምንት «የቅንጅት መድረኮችን ለማቀናጀት» የተጠራ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ላይ ተቀምጬ ከረምኩ። በትክክል አንብባችኋል። የተጠራነው እርዳታውን ለማቀናጀት አይደለም፤ እርዳታውን የሚያቀናጁትን ኮሚቴዎች የሚያቀናጅ ኮሚቴ ለማቋቋም ነው። የጥሪ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ደረሰኝ፤ ሁለት ተባባሪ አዘጋጆች ስላሉት፣ በግማሽ ሰዓት ልዩነት። በር ላይ የስም መመዝገቢያ ቅጹም ሁለት ነው፤ አንዱ የሻዩን ወጪ ለሚሸፍነው፣ አንዱ የምሳውን ለሚሸፍነው። በሁለቱም ላይ ፈርሜ ገባሁ። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ነው። እነማንን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። የራሱን ባንዲራ ከመኪናው፣ ከመጋዘኑና ከእስክሪብቶው ላይ ሳያነሳ «እንደ አንድ እንሥራ» የሚለውን ሰው። ረቂቁን «ለአስተያየታችሁ» ብሎ የሚያድለውን፤ ረቂቁ ግን ባለ ቀለም ሽፋን አለው፣ መግቢያው በኃላፊው ተፈርሟል፣ አንድ ሺህ ኮፒ ታትሟል። ቅንጅት ማለት ሌላው እኔን ሲከተል ነው ብሎ የሚያምነውን፤ እንዲህ የሚያምኑ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የሚፈጠረውን ጨዋነት ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ሁሉም «ቅድሚያ ለእርስዎ» ይባባላሉ፣ ማንም ግን ወንበሩን አይለቅም።

የጥንት ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ሎሚው እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን ላይ ነበር። የዛሬው ጥበብ ሃምሳውን ሰው በአንድ ሎሚ ላይ ማሰማራት ነው። አንዱ ስለ ሎሚው መነሻ ጥናት ያደርጋል፣ አንዱ ጥናቱን ይገመግማል፣ አንዱ ዓርማ ይለጥፍበታል፣ የቀሩት በጋራ ይጎበኙታል።

በጋራ ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው። ለጋሽና ተቀባይ አገሮች እርዳታን ስለማቀናጀት እ.ኤ.አ. በ2003 ሮም ላይ፣ በ2005 ፓሪስ ላይ፣ በ2008 አክራ ላይ፣ በ2011 ቡሳን ላይ ተሰብስበዋል። ፓሪስ ላይ ለጋሾቹም ተቀባዮቹም ፈርመዋል፦ የልማቱ ባለቤት አገሩ ራሱ ይሁን፣ ለጋሾች በአገሩ ዕቅድና አሠራር ይለፉ፣ እርስ በርስ ይጣጣሙ፣ ውጤት ይታይ፣ ሁሉም ይጠየቅ። ከአሥር የልዑካን ጉብኝት ቢያንስ አራቱ በጋራ ይደረግ ተብሎም ነበር። ቀጠሮው 2010 ደረሰና ሲለካ ከ13 ግቦች በዓለም ደረጃ የተሳካው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም የትኛው መሰላችሁ? የቴክኒክ ድጋፍን ማቀናጀት። ገንዘቡ ባይቀናጅ፣ ጉብኝቱ ባይቀናጅ፣ ምክሩ ተቀናጅቷል። እንኳን ደስ ያላችሁ!

ስለ ጉብኝቱ ካነሳን፣ ፓሪስ ላይ በተፈረመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2007፣ ቬትናም ብቻዋን 752 የለጋሾች ልዑክ ተቀብላለች። ቅዳሜና እሑድን ለዕረፍት ብትተውት በቀን ሦስት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው፤ ይኸው ድሩ አበረ፣ የታሰረው ግን የዕቅድ መምሪያው ኃላፊ ነው። ጠዋት «እንኳን ደህና መጣችሁ»፣ ቀትር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ»፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሦስተኞቹ ያንኑ ሰንጠረዥ በሌላ ቅጽ።

አንዳንድ አገሮች ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ታንዛኒያ በጀት የምትሠራበትን ወቅት «የጸጥታ ጊዜ» ብላ ለየችና በእነዚያ ወራት ልዑክ አትላኩብኝ አለች። ሩዋንዳ ደግሞ ለጋሾቿን ቁጭ አድርጋ እያንዳንዳችሁ ከሦስት ዘርፍ በላይ እንዳትገቡ አለች። ባለቤት በገዛ ቤቱ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ ሲወስን አስቡት! እንዲህ ያለ ድፍረት ቢዛመት ስንት አስተባባሪ ሥራ ይፈታል?

ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ግን የጥብጣቡ ነው።

የልጆች የምግብ እጥረት የሚለካበት ጥብጣብ አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ሙዋክ ይሉታል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ላይ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ለሐኪም ይህ የጉዳት ደረጃ ነው። ለቅንጅት ግን የወሰን ድንጋይ ነው። በብዙ ቦታ ቀዩን ልጅ የሚይዘው አንድ ድርጅት ነው፣ ቢጫውን የሚይዘው ሌላ። አልሚ ምግቡ ለየብቻ፣ መጋዘኑ ለየብቻ፣ መዝገቡ ለየብቻ፣ የጭነት መኪናው የሚመጣበት ቀን ለየብቻ።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ ጥብጣቡን አጠለቀች፣ ሳብ አደረገች፣ በጥብጣቡ መስኮት አነበበች፦ 11.6። ቢጫ። የቢጫው ድርጅት ምግብ ገና ወደብ ላይ ነው። የቀዩ ካርቶን ግን ሞልቷል፤ ነርሷ ወንበር ስለሌላት የተቀመጠችውም በእሱ ላይ ነው። ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ አንድ ፍሬ ማውጣት አትችልም? በፍጹም! የቀይ ምግብ ለቢጫ ልጅ ሰጥታ ኦዲተር ሲመጣ ምን ልትል ነው? መመሪያው የግራ ክንድ ብቻ ይለካ ባይል ኖሮ ግራውን ለአንዱ ድርጅት፣ ቀኙን ለሌላው አካፍሎ መስማማት ይቻል ነበር። አላደለንም። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ተባለች።

ተመለሰች። ጥብጣቡ ተጠመጠመ፦ 11.4። እሰይ! ልጁ በራሱ ጥረት መሥፈርቱን አሟላ። ሁለት ሚሊ ሜትር ከስቶ ወሰኑን ተሻገረ። ካርቶኑ ተቀደደ፣ መዝገቡ ተገለጠ፣ የቀዩ ድርጅት «አዲስ ተጠቃሚ» ብሎ ጻፈው። የቢጫው ድርጅትም ቀደም ሲል «በልየታ የተገኘ» ብሎ ጽፎታል፤ እሱም በሪፖርቱ ያቀርበዋል። አገግሞ ወደ ቢጫ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይጻፋል። አንድ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ልጅ ሆነ ማለት ነው፤ በግራፉ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር እሱ ነው። በትክክል 11.5 ላይ የቆመ ልጅ ቢመጣስ? ለእሱ የጋራ የድንበር ኮሚሽን ሊቋቋም ይገባል፤ ሊቀመንበርነቱ በየስድስት ወሩ የሚዞር፣ ልጁም እስከዚያ ሳይወፍር ሳይከሳ የሚጠብቅ።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም። ሁለት ሚሊ ሜትር ከሕፃን ክንድ ላይ ሲጎድል የጎደለው ሥጋ ነው። ያቺ እናት የመጣችበትን መንገድ አንድም አስተባባሪ በእግሩ አልሄደበትም። ካርቶኑ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ለአንድ ርቦት ለመጣ ልጅ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ምግብ የከለከለው ድህነት አይደለም፤ የእናንተ የወጪ መደብ ነው። ይህንን «የአሠራር ክፍተት» ብላችሁ በሪፖርት ስትጽፉ አታፍሩም?

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ዐውደ ጥናቱ ላይ የትኛው ድርጅት የት ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው፣ «ማን፣ ምን፣ የት» የሚባለው ሰንጠረዥ በትልቁ ግድግዳ ላይ በራ። ይህ ጤና ጣቢያ ያለበት አካባቢ ደማቅ አረንጓዴ ተቀብቷል። ሁለት ድርጅቶች ስላሉበት ሽፋኑ በቂ ነው፤ እንዲያውም ሌላ አጋር እንዳይገባበት ይመከራል ተብሏል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«አሉበት ማለት ምን ማለት ነው? በስም ነው ወይስ በምግብ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አነሱ። «እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። በልዩ ልዩ ጉዳዮች እንመለስበታለን» አሉ።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ አልደረስንም። በመግለጫው ግርጌ የዓርማዎቹ ቅደም ተከተል በፊደል ተራ ይሁን በገንዘብ መጠን የሚለው አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ በፊደል ተራ ይሁን ሲባልም በአጭር ስማቸው ነው ወይስ በሙሉ ስማቸው የሚል አዲስ ክርክር ተከፈተ። በመጨረሻ አቀናጁ ኮሚቴ በሁለት ተባባሪ ሊቀመናብርት ተቋቋመ፤ በሥሩም አንድ የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ። ያ ወጣት ጉዳዩን በቅርበት ስለሚያውቅ የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ ይሁን ተባለና በጭብጨባ ተመረጠ። በሳምንት ሁለት ስብሰባ አለው፤ የመስክ ሥራውን ለሌላ ያስረክባል።

ስንወጣ በሩ ጋ አገኘሁት። ሁለቱን ቅጾች በሁለት እጁ ይዞ የቱ የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቶታል።

«ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የምፈርመው?»

«በሁለቱም» አልኩት።