«ሁሉም ተዘጋጅቶልሻል» ላላችሁኝ ሁሉ

ልጆቻችሁን ቤት ውስጥ ለማስተማር በኢንተርኔት የሚሸጥ ሥርዓተ ትምህርት መርጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ አንድ ነገር ንገሩኝ። «ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶልሻል፤ ያንቺ ሥራ ከፍቶ ልጅሽን ማስቀመጥ ብቻ ነው» የሚለው ማስታወቂያ የተጻፈው ለየትኛዋ እናት ነው? ለእኔ እንዳልሆነማ ግልጽ ነው። እኔ ሀዋሳ ተቀምጬ የሁለተኛ ክፍል ሴት ልጅና የአራተኛ ክፍል ወንድ ልጅ አስተምራለሁ። ተዘጋጅቷል የተባለውንም ማታ ማታ እንደገና የማዘጋጀው እኔው ነኝ። ሰው ድግስ ጠርቶ ወጡን ራስሽ ሥሪ ያለኝ ነው የሚመስለው።

«ለምን ትምህርት ቤት አትልኪያቸውም?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክፍያው በየዓመቱ እየጨመረ ክፍሉ በየዓመቱ ሲጣበብ አይቼ አወጣኋቸው። በቃ። የዛሬው ብሶቴ እሱ አይደለም።

የአሜሪካኑን የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ክፈቱ። ገንዘብ ቆጠራው ፔኒ፣ ኒክል፣ ዳይምና ኳርተር በሚባሉ የእነሱ ሳንቲሞች ነው። ዳይም በመጠኑ ከኒክል ያንሳል፣ በዋጋው ግን እጥፍ ነው። እዚያ ላደገ ልጅ ይህ ከአባቱ ኪስ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለእኔ ልጅ ግን ንጹሕ ሽምደዳ ነው። ቀጥሎ ኢንችና ፉት ይመጣል። እኛ በሜትር የምንለካ ሰዎች ነን፤ ልጄ ስለ ኢንች ስትጨነቅ የምታጠፋው ጊዜ ማን ይመልስላታል? ስለዚህ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት ዘርግቼ ጥያቄዎቹን እቀይራለሁ። ኩኪው አሞራ ገደል የሚሸጥ ዓሣ ይሆናል፤ ኳርተሩ ብር ይሆናል፤ ቁጥሮቹም እንዲስማሙ እንደገና ይሰላሉ።

ሰዓቱን ግን በወረቀት ልወጣው አልቻልኩም። ልጄ ሰዓት ማንበብ የለመደችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት፣ ቁርስ ሲቀርብ አንድ። ፕሮግራሙ የቁርስ ሥዕል አሳይቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃትና አማራጮች ደረደረ። አንድ ሰዓት የሚለውን ነካች። ቀይ ኤክስ። ደግማ ነካች፣ ደግሞ ቀይ። አንዲት ያዘነች ጉጉት ብቅ ብላ «እንደገና ሞክሪ» አለቻት። ለካስ በእነሱ አንድ ሰዓት ወይ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፣ ወይ ከምሳ በኋላ። «እማዬ፣ እኛ ቁርስ የምንበላው ተሳስተን ነው?» ብላ ዞራ አየችኝ። ለስምንት ዓመት ልጅ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ፣ አሥራ ሁለት ላይ ሲደረስም ዞሮ መጀመር፣ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ጉጉቷ ስለዚህ ምዕራፍ የምታውቀው ነገር የለም።

«እንግዲያውስ የእንግሊዙን ውሰጂ፣ እነሱ በሜትር ይለካሉ» አሉኝ። ወሰድኩ። እዚያ ደግሞ ልጅ «አንደኛ ዓመት» የሚሉት ክፍል የሚገባው በአምስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ዘንድ አንደኛ ክፍል በሰባት ነው። በዕድሜዋ ላስገባት ብል ልጄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዓመት ልትሆን ነው። ስለዚህ የደረጃ መመዘኛ ፈተና ተፈተነች። በጣም የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ፈተናው የሒሳብ ነው ይላል እንጂ የሚመዝነው እንግሊዝኛዋን ነው። በአማርኛ ብትጠይቋት የማባዣ ሰንጠረዡን እስከ አምስት ያለ ማንገራገር ትወርድላችኋለች። «ስንት ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ በሦስት መስመር እንግሊዝኛ ተጠቅልሎ ስለመጣ ግን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አስቀመጣት። አሁን ኳስ እየቆጠረች ለአምስት ዓመት ሕፃን የተዘፈነ መዝሙር ትሰማለች። ተሰድባለች፤ እሷም ገብቷታል።

ክፍያው በዶላር ነው፣ በወር ነው፣ በልጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 በላይ ሆነ። ዛሬ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። «በነፃ ይሞክሩ» የሚለው ቁልፍ እንኳን ሲነካ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው። ነፃ ከሆነ ካርዴ ምን ያደርግልሃል? አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ «እኔ እከፍልልሻለሁ» አለችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት። የመረጠችው ግን ቀለሙ ያማረውን፣ መሣቂያው የበዛውን ነው። ልጆቹ ሽልማት ሲሰበስቡ ይውላሉ፣ ትምህርቱ የሽልማቱ ማስታወቂያ ነው።

ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ነፃ ነው፤ አዎ፣ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ፤ ማስታወቂያ እንኳን የለበትም። መብራት ካለና የኢንተርኔት ጥቅሉ ቪዲዮውን ከቻለ ለወንዱ ልጄ ሒሳብ እጠቀምበታለሁ። ታዲያ ፊደሉንስ? ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከሰባት ሰባት ድምፃቸው ጋር ማን ያስተምርልኛል? እዚህ ከተማ የሚያድግ ልጅ ሲዳምኛም ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ልጄ አንዱን የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ፣ በሲዳምኛ ሌላ ድምፅ ትሰጠዋለች፤ ጎን ለጎን አማርኛዋ አለ። ይህንን የሚያስተናግድ፣ ገንዘብ እንኳን ልክፈልህ ብለው የሚሸጥልኝ አላገኘሁም።

«የመንግሥትን መጽሐፍ አውርጂ» የምትሉኝም አላችሁ። አውርጃለሁ። ይዘቱ ክፉ አይደለም፤ ብሩም፣ ወንዙም፣ አየሩም የእኛ ነው። ነገር ግን የተጻፈው መምህርና ሙሉ ክፍል አለ ተብሎ ነው። በየገጹ «በቡድን ተወያዩ» ይላል። የእኛ ቤት ቡድን እሷና ወንድሟ ናቸው፤ ውይይቱም እርሳስ በመነጣጠቅ ያልቃል። መልሱን የሚያርም፣ ድምፁን የሚያሰማ፣ የት ጋ እንደተደናቀፈች የሚነግረኝ የለም። ቢሆንም መተው አልችልም፤ ወንዱ ሁለት ዓመት ቆይቶ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል፣ እዚያ ስለ ዳይም የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጠዋት በውጭው፣ ከሰዓት በመጽሐፉ፣ ሁለት ሥርዓተ ትምህርት እየነዳሁ ነው።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ በየሳምንቱ አዲስ የምግብ ማዘዣና የመኪና መጥሪያ መተግበሪያ የምታወጡ፦ አንድ ጊዜ ደግሞ ይህንን ሥሩ። ሒሳቡን በአማርኛ የሚጠይቅ፣ ፊደሉን ከነድምፁ የሚያሰማ፣ ሰዓቱን በእኛ የሚቆጥር፣ ቪዲዮው ሳይሆን መልመጃው የሚበዛ፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ የሚቀር፣ በብር የሚከፈል። እከፍላለሁ። ለሁለት ልጅ ነው፣ አንድ ላይ ከሆነ ቅናሽ አስቡልኝ። ጉጉቷን ግን አውጧት።